ሊንከን ቲያትር፦ ከኛ በፊት ዩ ስትሪት ላይ የነበረው ሲኒማ

(ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመታቱም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ያንን ሁሉ ትራፊክ ታግሣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሲኒማ ቤት ነው። ከውጭ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከውስጥ የምታውቁት ግን ጥቂት ሳትሆኑ አትቀሩም። ዩ ስትሪት ላይ ከሜትሮው መውጫ ፊት ለፊት፣ ከቤንስ ቺሊ ቦውል ምግብ ቤት ጎን የቆመው ሊንከን ቲያትር ነው። ዱከም ምግብ ቤት ልትበሉ ሄዳችሁ ፓርኪንግ ስታጡ ስንት ጊዜ ዞራችሁታል!

ታሪኩን የምጀምረው ግን ከዩ ስትሪት አይደለም። ከአዳምስ ሞርጋን ነው። በ1980ዎቹ ዲሲ የነበራችሁ አዳምስ ሞርጋንን መቼም አትረሱትም። እነ ሬድ ሲ፣ እነ መስከረም የሚባሉት ምግብ ቤቶቻችን ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ በተርታ የነበሩበት ዘመን ነው። ፈረንጅ በእጁ መጉረስ የተማረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ኤይቲንዝ ስትሪት ከኮሎምቢያ ሮድ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ በኋላ ባንክና ክፍት አደባባይ የተሠራበት ቦታ፣ በ1917 ኒከርቦከር የሚባል ሲኒማ ተከፈተ። ያሠራው ሃሪ ክራንዳል ነው። በከተማው ብዙ ሲኒማ ቤቶች የነበሩት ነጋዴ ነበር። ንድፉን የሠራለት ሬጂናልድ ጊር የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው። ሰፈሩ ያኔ ደህና ኑሮ ያላቸው ነጮች ሰፈር ነበር። ሲኒማውም ለእነሱ የሚመጥን ቅንጡ ቤት ሆኖ ተሠራ።

በጥር 1922 መጨረሻ ዲሲ ላይ በረዶ ወረደ። እዚህ አገር ክረምትን ስንቴ አማርረናል፤ እንዲህ ያለው ግን በኛ ዘመን አልመጣም። ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ከተማው ቆመ፣ ትራሙ ቆመ። ቅዳሜ ጥር 28 ማታ ግን በእግራቸው መሄድ የቻሉ የሰፈሩ ሰዎች ወደ ኒከርቦከር ወጡ። የሚታየው ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነበር። ልክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንዳለፈ ጣሪያው ወረደ።

ጣሪያው ዝርግ ስለነበር በረዶው ሊንሸራተት አልቻለም፤ ተከመረ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም። ሲኒማ ስለሆነ ማንም እንዳይጋረድ ታስቦ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። የብረት ተሸካሚዎቹ ጫፍ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተቀመጠው በጣም በትንሹ ነበር። ግድግዳው ራሱ ውስጡ ክፍት በሆነ ሸክላ የተሠራ ነው። ተሸካሚው ሸርተት ሲል ጣሪያው በሙሉ ባልኮኒው ላይ ወደቀ። ባልኮኒው ደግሞ ምድር ቤት የተቀመጡት ላይ። 98 ሰው ሞተ፣ 133 ቆሰለ። ከሞቱት አንዱ የፔንስልቬንያ የምክር ቤት አባል የነበሩ ሰው ናቸው። በበረዶው ምክንያት አዳራሹ አለመሙላቱ እንጂ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር።

አምስት ሰዎች ተከሰሱ፤ ጊርም አንዱ ነው። በመጨረሻ ግን ማንም አልተፈረደበትም። የከተማው የግንባታ ደንብ ጠበቀ። የጊር ሥራ ግን አበቃለት፤ በ1927 ራሱን አጠፋ። ክራንዳልም በ1937 በተመሳሳይ መንገድ አለፈ። ቦታው ላይ በ1923 ሌላ ሲኒማ ተሠራ። ስሙ አምባሳደር ነበር፤ የኛ የአዲስ አበባው አምባሳደር እንዳይመስላችሁ። እሱም በ1969 ፈረሰ።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለምንድነው? እነዚሁ ሁለት ሰዎች፣ ክራንዳልና ጊር፣ በዚያው በ1922 ዩ ስትሪት ላይ ሌላ ሲኒማ ከፍተዋል። ሊንከን ቲያትር ማለት እሱ ነው። ጊር ከሠራቸው አንዱ ወደቀ፣ አንዱ ደግሞ መቶ ዓመት አልፎት ቆሟል። መንገዱንም ልብ በሉት። ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት። እኛም እኮ ምግብ ቤታችንን ይዘን የሄድነው በዚያው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሊንከን እንግባ። ክራንዳል ነጭ ነጋዴ ነው። ዩ ስትሪት ደግሞ የጥቁር ዋሽንግተን ዋና ጎዳና ነበር። ለምን እዚያ ሠራ? ገበያ ስለነበር ነው። መሐል ከተማ፣ ኤፍ ስትሪት ላይ ያሉት ትልልቅ ሲኒማዎች ጥቁር አያስገቡም። ጥቁሩ ሕዝብ ደግሞ ብዙ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፣ ሐኪም አለ፣ ጠበቃ አለ። ገንዘብ አለው፣ መዝናናት ይፈልጋል፣ የሚገባበት ግን የለውም። ክራንዳል ይህን አየ። ለሰፈሩ አስቦ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አላምነውም።

በነገራችን ላይ ዩ ስትሪት በነጭ ገንዘብ ብቻ የተሠራ ጎዳና አልነበረም። ከሊንከን ማዶ ትሩ ሪፎርመር የሚባለው ሕንፃ አለ። በ1903 ሲሠራ ገንዘቡን ያወጡትም፣ ንድፉን የሠራውም፣ የገነቡትም ጥቁሮች ናቸው። ትንሽ ወረድ ብሎ ቲ ስትሪት ላይ ሃዋርድ ቲያትር አለ፤ ከ1910 ጀምሮ። ቤንስ ቺሊ ቦውል ያለበት ቤት ራሱ በ1910 የተሠራ፣ ሚኒሃሃ የሚባል የድምፅ አልባ ፊልም ቤት ነበር። ስለዚህ ሊንከን ባዶ ሜዳ ላይ አልመጣም።

የሊንከን ፊቱ ጭምት ነው፤ ከመንገድ ሆናችሁ ስታዩት ይህን ያህል አይማርክም። ውስጡ ሌላ ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው በጌጥ ልስን የተሞላ ነው። በዛሬው አቀማመጥ 1,200 ሰው ገደማ ይይዛል። መጀመሪያ የተከፈተው ለድምፅ አልባ ፊልምና ለመድረክ ትርዒት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መሐል ከተማ ባልኮኒ ጥግ ላይ እንኳ ቦታ የማይሰጠው ሰው፣ እዚህ የፈለገው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሱፉን ለብሶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ በዋናው በር ይገባል።

በ1927 ክራንዳል ሊንከንን ሊክትማን ለሚባል ሌላ ነጋዴ ሸጠው። ሊክትማን ቤቱን ይበልጥ አሳመረው፤ ዳንስ ቤትም ጨመረበት። ዳንስ ቤቱ ሊንከን ኮሎኔድ ይባል ነበር። የዩ ስትሪት ወርቃማው ዘመን የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ዱክ ኤሊንግተን፣ ሉዊ አርምስትሮንግ፣ ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ቢሊ ሆሊዴይ፣ ካብ ካሎዌይ፣ ፐርል ቤይሊ፣ ሳራ ቮን፣ ናት ኪንግ ኮል፤ ያልመጣ ዝነኛ ሙዚቀኛ የለም። ኤሊንግተንማ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ያደገው እዚያው ሰርቲንዝ ስትሪት ላይ ነው። ጎዳናው የጥቁሮች ብሮድዌይ የተባለው ያኔ ነው። ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ልደት የሚደረገው የዳንስ ግብዣም ኮሎኔድ ውስጥ ይዘጋጅ ነበር።

የዚያን ዘመን ዲሲ ሥርዓት ትንሽ ላውራችሁ፤ አሁን ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ናሽናል ቲያትር የሚባል ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ አለ። ያኔ ጥቁር መድረኩ ላይ መተወን ይችላል፣ ከተመልካች ጋር መቀመጥ ግን አይችልም። ኮንስቲትዩሽን ሆል የሚባለው የኮንሰርት አዳራሽ ደግሞ ግልባጩ ነው። ጥቁር ቲኬት ቆርጦ መቀመጥ ይችላል፣ መድረክ ላይ መውጣት ግን አይችልም! የተዋናዮች ማኅበር ናሽናል ላይ አድማ ሲያደርግ፣ ባለቤቶቹ ጥቁር ከሚያስገቡ ቲያትሩን መተው መረጡ። ከ1948 እስከ 1952 ፊልም ብቻ አሳዩበት። ሲኒማ የዘረኝነት መሸሸጊያ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜም አለ ማለት ነው።

የኛ ሰዎችም በዚህ ሰፈር ታሪክ ውስጥ ቀደም ብለው ገብተዋል። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሳቸውና ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ በ1934 ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና አንድ ምክር ቤት እዚያው አቋቋሙ። ጣሊያን ሲወረን ዲሲ ያሉ ጥቁሮች የቆሙልን በዚህ ሥራ ጭምር ነው። ጃንሆይም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃዋርድ የክብር ዲግሪ ሰጥቷቸዋል። ከዩ ስትሪት እስከ ሃዋርድ በእግር ትንሽ ነው። ሰፈሩ ኢትዮጵያን የሚያውቃት ክትፎ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣሁ። ሊንከንን ያዳከመው ምንድነው? ብዙ ሰው በ1968 ተቃጥሎ ነው ይላል። አልተቃጠለም። መዳከም የጀመረው 15 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የጀመረውም በጥሩ ዜና ነው።

ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ቴሬል የሚባሉ የዲሲ ሴት ነበሩ። በ1950 ከጓደኞቻቸው ጋር ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ገቡ። አናስተናግድም ተባሉ። ዕድሜያቸው ከ85 በላይ ነበር፤ ቤታቸው ቁጭ ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሆን ብለው ነው የገቡት። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ሰውን በቀለም እንዳይለይ የሚከለክል ሕግ ነበር። ማንም አልሻረውም። ከሕግ መጽሐፉ ሲገለበጥ ሲገለበጥ ጠፍቶ ቀርቶ፣ ሰው ረስቶት ኖሯል። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ሰኔ 8 ቀን 1953 ፍርድ ቤቱ ሕጉ ይሠራል ብሎ ወሰነ። ክርክሩ ስለ ምግብ ቤት ነበር። ሲኒማ ቤቶቹም ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። መሐል ከተማ ያሉት በዚያው ዓመት በራቸውን ከፈቱ።

እንግዲህ ራሳችሁን በዚያን ጊዜ ወጣት ቦታ አስቀምጡ። ዕድሜ ልክህን አትገባም ስትባል የኖርክበት ትልቅ ሲኒማ ዛሬ ተከፍቷል። አዲሱ ፊልም መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው። ቅዳሜ ማታ የት ትሄዳለህ? ሊንከን ይበቃኛል ትላለህ? ሰው ሄደ። መሄዱም ተገቢ ነው። ቴሌቪዥንም በዚያው ሰሞን ሳሎን ገባ፤ እሱ ደግሞ ያዳከመው የአገሩን ሲኒማ በሙሉ ነው። ጥቂት ገንዘብ የያዙት ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ከሰፈሩ ወጡ። ኮሎኔድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ።

ይሄን ታሪክ ሲያወሩ አንዳንዶች “ያኔ ይሻል ነበር፣ የራሳችን ነበር” ይላሉ። ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ያ ውበት የቆመው ሌላው በር ስለተዘጋ ነው፤ በሩ ይዘጋ ብሎ የሚመኝ የለም። በሌላ በኩል የተከፈለውን ዋጋ መርሳትም ልክ አይደለም። አስተናጋጁ ሥራውን አጣ፣ የባንዱ ልጅ መድረኩን አጣ፣ ጫማ ጠጋኙና ሻይ ቤቱ ከትርዒት በኋላ የሚመጣውን ሰው አጡ። መሐል ከተማ ያሉት ሲኒማዎች እነዚህን አልቀጠሩም። መብቱ ሲመጣ ለእነዚህ ሰዎች ያሰበላቸው አልነበረም።

1968ን በአጭሩ ልለፈው። ሚያዝያ 4 ማታ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ሕዝቡ ፎርቲንዝና ዩ ማዕዘን ላይ ተሰበሰበ፤ ረብሻው የተነሳው ከዚያ ነው። ለቀናት ሱቁ ነደደ፣ ወታደር ገባ። ከ1958 ጀምሮ እዚያ የነበረው ቤንስ ቺሊ ቦውል በልዩ ፈቃድ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሊንከን ከእሳቱ ተረፈ፣ ሰፈሩ ግን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ማታ ወደ ዩ ስትሪት የሚመጣ ተመልካች ጠፋ። በ1983 ሊንከን ለአንድ ግንባታ ባለሀብት ተሸጠ፤ ለእድሳት ተብሎ ተዘጋ። እድሳቱ አላለቀም፤ ቤቱ ለዓመታት ባዶውን ቆመ። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ጎዳናው ለሜትሮ ተቆፈረ። ያ ቁፋሮ በሕይወት የቀሩትን ሱቆችም ጎዳ። ባቡሩ በ1991 ሥራ ጀመረ።

በ1993 ሊንከን በአገር ደረጃ በታሪካዊ ቦታነት ተመዘገበ። ከተማው እጁን አስገብቶ፣ 9 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በየካቲት 1994 ዳግም ተከፈተ። ልስኑ ተጠገነ፣ ወንበሩ ታደሰ። የጠፋው ነገር ግን የሲኒማ ሥራው ነው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ስክሪን ብቻ ያለው ቤት በዚያን ጊዜ የትም አገር አያዋጣም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚያው ሰሞን ከሊንከን ብዙ ሳይርቅ፣ ሃዋርድ ያስተምሩ የነበሩት የኛው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ” የሚባለውን ፊልም ሠርተው ጨርሰው ነበር፤ በ1993። የሚያከፋፍልላቸው አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ሲኒማ እየተከራዩ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ አሳዩት። ሕዝቡ ተሰልፎ አየው። በዚያ ገቢ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። ከ1922 እስከ 1993 ጥያቄው አልተለወጠም፤ ሰው አለ፣ ፊልም አለ፣ በሩን የሚከፍት ግን ሌላ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ሜትሮው ካለቀ በኋላ አዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድ፣ የኛ ሰው ወደ ዩ እና ወደ ናይንዝ ስትሪት መጣ። ከእሳቱ ጀምሮ ተዘግተው የቆዩ ቤቶችን ተከራየ፣ አደሰ፣ መብራት አበራ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ እዚህ መሐል የሠራችሁት አላችሁ። በ2005 ደግሞ ናይንዝ ስትሪት ላይ ያለችው ክፍል ሊትል ኢትዮጵያ ተብላ ትሰየም የሚል ጥያቄ ተነሳ። ሎስ አንጀለስ ከ2002 ጀምሮ አላት፤ እኛስ ምን ያንሰናል? ነው ነገሩ። ከሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተቃውሞ መጣ። ይህ የኛ ታሪክ ያለበት ቦታ ነው፣ ስሙን አትሸፍኑብን አሉ።

በዚያን ጊዜ ሐበሻው ተቀየመ። ቅናት ነው ያለም ነበር። እኔ ቅናት አይመስለኝም። የሊንከንን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ተቃውሞው ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ሌላ በር ተዘግቶባቸው እዚህ ተሰበሰቡ። ከዚያ ሰፈራቸው ተቃጠለ። ከዚያ ለባቡር ተቆፈረ። ልክ መብራት ሲበራ ሌላ ስም ይለጠፍ ሲባል ምን ይሰማቸዋል? በሌላ ወገን ደግሞ መብራቱን ካበሩት ውስጥ የኛ ሰዎች አሉ፤ ይህንንም ማንም አይክድም። የሚያሳዝነኝ ያ ውይይት ያለ ታሪክ መካሄዱ ነው። እኛ ስለ ኮሎኔድ አናውቅም፣ እነሱ ስለ ኪራያችን አያውቁም።

ኪራዩም ቢሆን ለማንም አላዳላም። ብዙዎቹ ምግብ ቤቶቻችን ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደዚህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወጥተዋል። ዛሬ ማታ የተሰበሰብነው ዩ ስትሪት ሳይሆን እዚህ የሆነውም ለሌላ አይደለም።

ሊንከን ራሱም ከተከፈተ በኋላ ገንዘብ ቸገረው። ከተማው በየጊዜው ድጎማ ይሰጠው ነበር፤ አልበቃውም። በ2011 መጨረሻ ተዘጋ። በ2013 ከተማው አስተዳደሩን አይ ኤም ፒ ለሚባለው የኮንሰርት ድርጅት ሰጠው፤ ናይን ሰርቲ ክለብን የሚያስተዳድረው ነው። አሁን በአብዛኛው የሚታይበት ሙዚቃና ኮሜዲ ነው። ፊልም አልፎ አልፎ ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይቆጫል። እኔ አልቆጭም። በ1922ም እኮ ግማሹ መድረክ ነበር።

ከተሰብሳቢው ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንዲት እህት “ውስጡን ለማየት ምን ማድረግ አለብን?” ብለው ጠየቁ። ቲኬት መቁረጥ ነው። ባልኮኒውን ምረጡ፤ ርካሽ ይሆናል፣ ኮርኒሱም ከዚያ ነው የሚታየው። በሜትሮ ሂዱ፣ ፓርኪንጉን ተዉት።

አንድ ወንድም ደግሞ “ሊንከን ፊልም ካላሳየ የድሮ ሲኒማ ውስጥ ቁጭ ብለን የአገራችንን ፊልም የት እናያለን?” አሉ። ከዚህ ሩቅ አይደለም። ኮልስቪል ሮድ ላይ ያለው ሲልቨር ቲያትር በ1938 የተሠራ ነው፤ አርክቴክቱ ጆን ኤበርሰን ይባላል። እሱም ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2003 ታድሶ ተከፈተ። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ነው የሚያስተዳድረው። አዳዲስ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫልም እዚያ ይካሄዳል፤ የኛም ፊልሞች ታይተውበታል። ፕሮግራሙ ሲወጣ ቶሎ ቲኬት ያዙ። የሐበሻ ፊልም ያለ ቀን ሰው በር ላይ ነው የሚመጣው፤ በር ላይ ደግሞ ያልቃል።